በጨው መጠቅለያው ላይ ያሉት ወታደሮች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1973

ጨዉን አፍስሼ መጠቅለያውን ልጥል ስል ሥዕል አየሁበት። ወታደሮች የሰው ቤት ገብተዋል። አንዱ ሣጥን ይሰብራል፣ አንዱ ሴት በፀጉሯ ይጎትታል። ሰዎቹ ከጥፍሬ አይበልጡም፤ ግን የበርጩማው እግር እንኳ ይታያል! እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።

አምባሬን ወደ እጅጌዬ ገፋሁት። ሟች ባለቤቴ ከዘመቻ ያመጣልኝ ነው። አልጋ ላይ ሳለ ከየት እንዳገኘው ሊነግረኝ ሲጀምር፣ “ተወው” ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እነዚህ የሥዕሉ ሰዎችስ መጨረሻቸው ምን ሆነ? ማወቅ አለብኝ።

ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቁ ሸረፋ፣ “እትዬ፣ ጨዉ ጎደለ እንዴ?” አለኝ።

“ወረቀቱ ነው የጎደለኝ።”

በኪሎ የገዛውን የፈረንጅ መጽሐፍ እየገነጠለ ይጠቀልልበታል። ግማሹ አልቋል! ጋዜጣ ካመጣሁለት ሊለውጥልኝ ነው።

ረቡዕ

ጎረቤቱን ሁሉ ዞሬ ጋዜጣ ለመንኩ። የቀሩትን ሥዕሎች ለወጠልኝ! “የተሰቀለ ሰው ሰብስበው ቀበሌ ቢያይዎት ምን ሊሉ ነው?” እያለ ሳቀብኝ።

እውነትም ተሰቅለዋል። አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ፣ ከሩቅ ፍሬ ይመስላሉ። መሰላሉ ላይ ቄስ መስቀል ይዞ ቆሟል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው የሚሣለው ፊቱ በጎን ሆኖ፣ በአንድ ዓይን ነው። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ዓይን ዓይናቸውን ፈለግሁ። ቄሱ አንድ ዓይን! የሚሰቀለው ሁለት! በቃ፣ ንጹሐን ተሰቀሉ፣ ዘራፊዎቹ አመለጡ ብዬ አለቀስኩ።

ሐሙስ

ጎረቤቴ ሲስተር ሣራ ፈረንሳይኛ ታውቃለች። ከጸሎት ቤት ስትመለስ በር ላይ ያዝኳት፤ ጽሑፉን አነበበችልኝ።

ሥዕሉ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል! ሠዓሊው መዳብ ላይ በመርፌ ጭሮ፣ በአሲድ አስበልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ያትመዋል። አንዱን ጭረት ስንት ሰው አየው!

“የተሰቀሉት ራሳቸው ዘራፊዎቹ ወታደሮች ናቸው” አለችኝ። “አለቆቻቸው ናቸው ያሰቀሏቸው።”

“ታዲያ ቄሱ ለምን አንድ ዓይን ሆነ?”

“ወደ ሟቹ ዞሮ ነዋ፣ እትዬ! ሊያናዝዘው!”

እሷ ሳቀች። እኔ ገባሁና ተቀመጥኩ። ቄሱስ ወደ ሟቹ ዞሮለታል፤ እኔ ከባለቤቴ ፊቴን ነው ያዞርኩት።

ቅዳሜ

ሸጎሌ ገበያ ሄድኩ። ከባለቤቴ ጋር የዘመተው አቶ ታደሰ እዚያ በግ ይነግዳል። አምባሩን አሳየሁት።

“ከአንዲት ሴት እጅ ነው ያወለቀው” አለኝ። “አልገደላትም፣ እህቴ። ስንወጣ ደጃፏ ላይ ቆማ ትረግመን ነበር።”

በሕይወት ነበረች! ሰፈር እስክደርስ ይህንኑ ለራሴ እያልኩ መጣሁ። በሕይወት ነበረች።