ዝጎ ስለተሰበረው የማይዝግ መሰላል

ለተከበሩ የተሃድሶ ሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎም የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ታመው በራስዎ ገንዳ ለመታከም መገደድን ለጠላቴም አልመኝምና።

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳ፣ ሰው ደግፎት መሄድን እንደ ውርደት የሚቆጥር ሰው ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው በኋላ መልሶ በእግሩ የቆመው በማዕከልዎ ሞቃት ገንዳ ውስጥ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ እጁን ስትለቅለት «ይኸው፣ ነዳሁ እኮ» እያለ ሲስቅ አይቼዋለሁ። በሳምንቱ ከውሃው ሲወጣ የገንዳው መሰላል መርገጫ ከብየዳው ተገንጥሎ ከእግሩ ሥር ከዳው፤ ዳሌውም ተሰበረ።

ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለሰጡኝ ትምህርት። የብረት ዝገት መመርመር መተዳደሪያዬ ነው። የተገነጠለውን መርገጫ ቢሮዎ ድረስ አምጥቼ ሳሳይዎ ግን «እመቤት፣ ስሙ ራሱ የማይዝግ ብረት ነው፤ ከየት አምጥቶ ይዝጋል?» አሉኝ። ለካስ ስም ከወጣለት ይበቃል። ክሎሪን የሚችል የማይዝግ ብረት አለ፤ ለወጥ ቤት እንጂ ለገንዳ የማይሆንም አለ። የመሰላልዎ ቋሚዎች ክሎሪን ከሚችለው ነበሩ። አምና ያስቀየሯቸው መርገጫዎች ግን ከደካማው ናቸው፤ የተበየዱበት ዘንግም፣ ቀልጦ ብረቱን ከብረቱ የሚያያይዘው ማለቴ ነው፣ ለደካማው የተሠራ ነው። ሁለቱን ማጋጠም ሌላ ቦታ ጥፋት አይደለም፤ ክሎሪን ውስጥ ግን መጋጠሚያው የሚኖረው ደካማው እስከሚችለው ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ዘንጉም መርገጫውም ለተሻለው የሚመጥን መሆን ነበረበት። ክሎሪኑ ይህን ከእርስዎ ቀድሞ ተረድቶ ደካማውን እንደ ብል በላው።

፪ኛ፦ ለውበት ስላለዎት ፍቅር። የጽዳት ሠራተኛዋ ከብየዳው ሥር ቡናማ ነገር እየወጣ ነው ብላ ስትነግርዎ በተራ የብረት ሽቦ አስፈግፍገው አስወለወሉት። ከሽቦው የቀረው ብናኝም በተራው ዛገና ሥራውን አፋጠነልዎ።

፫ኛ፦ አደጋውን ለሚያጣራው ኮሚቴ «ታካሚው ከባድ ሰው ነበር» ብለው ስላስረዱ። ወንድሜ ከታመመ ወዲህ ከስቶ ሱሪው የሚቆመው በቀበቶ ነው።

አሁን አልጋ ላይ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ከሥራ ስትወጣ ቤት ድረስ እየመጣች ታሠራዋለች። ትናንት «ሲሻልህ ወደ ውሃው እንመለሳለን» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ውሃውማ ምን በደለኝ፤ መውጫው ነው እንጂ» አላት። ለእርስዎ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀሩትን መርገጫዎች ዛሬም ሌሎች ሕመምተኞች ይረግጧቸዋል፤ እርስዎም ተራቸውን በትዕግሥት እየጠበቁላቸው ነው።

ይህን ሁሉ አንብበው እስከዚህ ስለደረሱ፣ ካነበቡም፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ለማዕከሉ መልካም ስም ከእርስዎ ይልቅ የምትሳሳው፣
የታካሚው ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ከቢሮዎ ስወጣ በርዎ ላይ ስምዎን የተሸከመችውን ሰሌዳ ልማድ ሆኖብኝ መረመርኳት። ሰሌዳዋም ብሎኖቿም ከምርጡ የማይዝግ ብረት፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ናቸው። በማዕከልዎ በትክክል የተሠራችው ውሃ የማይነካት እርሷ ብቻ ስለሆነች እንኳን ደስ አለዎት።