የማርሊስ ገመና በሁለት ፎቅ መካከል

ውድ ወንድሜ ጋሼ ኦሪን፣

እንደምን ሰነበትክ? ከባሕር በደህና ተመለስክ ወይ? ወገብህስ፣ በረዶው ላይ ተንሸራተህ የወደቅክ ጊዜ የጀመረህ ሕመም ተሻለህ? ናዲን እንዴት ናት? ትንሿ ቴስ ደግሞ ያን የሚነቃነቅ ጥርሷን ነቀለችው ወይስ አሁንም በምላሷ ትገፋዋለች? አማትህ አባባ ሩበን ሳላቸው ለቀቃቸው? እኛ እንደምታውቀን ነን። የባለቤቴ የሆሊስ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮው ቀድሞ ይናገራል። እኔም አውቶቡሴን እየነዳሁ የሰውን ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ። የደም ግፊቴ ግን ጣራ ነክቷል። ምክንያቱን ልንገርህ ነው የተቀመጥኩት። በስልክ ብጀምረው መጮኼ አይቀርም፤ ወረቀት ላይ ግን ቢያንስ ጎረቤት አይሰማኝም።

የእህታችንን የጆሊንን ልጅ ማርሊስን ባለፈው ኦገስት የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ለእኛ እንደ ሰጠን ጽፌልህ ነበር። ያልጻፍኩልህ ነገር አለ። ከእኛ በፊት ሰባት ወር በኖረችበት የማሳደጊያ ቤት፣ ጁን ላይ፣ ተናዳ አንድ ሳህን ግድግዳ ላይ ወርውራ ስብርባሪው የአንዲት ሠራተኛ እጅ ጫረ። ፖሊስ ተጠራ፣ ነገሩም ወደ ወጣቶች ፍርድ ቤት ሄደ። «ቀላል ነው፣ በራሱ ይዘጋል» ብለውን ስለነበር አንተን ማስጨነቅ አልፈለግኩም። አልተዘጋም።

ሁለቱ ቢሮዎች ያሉት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። የሕፃናት ጉዳይ ሁለተኛ ፎቅ፣ ፍርድ ቤቱ አራተኛ ፎቅ። የሚለያያቸው አንድ አሳንሰር ብቻ ነው። ወንድሜ፣ በዚህ ሕንፃ ስንት ጊዜ ወጥቼ እንደ ወረድኩ ጫማዬ ይመስክር!

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ፣ አውቶቡሱን ገና ሳቆም የትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህር ደወለልኝ። ማርሊስን የመዝሙር ልምምድ ላይ እያለች፣ በጓደኞቿ ፊት፣ ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ሄዱ አለኝ። ለካ ፍርድ ቤቱ መጥሪያውን ሁለት ጊዜ ወደ ማሳደጊያ ቤቱ ልኮት ኖሯል። እነሱም «እዚህ የለችም» ብለው መልሰውታል። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ያለ አንድ ሰው መዝገቧ ላይ «ጠፍታለች» ብሎ ጻፈ፤ ተይዛ እንድትቀርብም ታዘዘ። ይታይህ! በየማለዳው ከኋላዬ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ በእኔው አውቶቡስ ትምህርት ቤት የምትሄደዋን ልጅ!

እየሮጥኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት «ማን ነዎት?» አለችኝ። አክስቷ ነኝ፣ እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው አልኳት። «መዝገባችን ላይ የሉም። የወጣት ጉዳይ ደግሞ ምስጢር ነው፤ እዚህ መኖሯንም ልነግርዎት አልችልም።» እሺ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያውቁኛል፣ ደውዪላቸው ብላት፣ «እነሱም ለእኛ መናገር አይችሉም። የእነሱም ምስጢር ነው» ብላ መስኮቷን ሳበችው።

ወረድኩ። የማርሊስን ጉዳይ የሚከታተለው ፊልብሪክ የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ሠላሳ ምናምን ልጅ ጭነውበት ዓይኑ ጎድጉዷል። ልጄ፣ ሁለት ፎቅ ውጣና ልጅቷ የት እንደምትኖር ንገርልኝ አልኩት። «ወይዘሮ ቨርና፣ በእኛ ጥበቃ ሥር መሆኗን ያለ ዳኛ ትእዛዝ ወይም ያለ እናቷ ፊርማ ለፍርድ ቤቱ መንገር ክልክል ነው» አለኝ። እናቷ ጆሊን ደግሞ ከኦገስት ጀምሮ ሱስ ማገገሚያ ናት። ማገገሚያው ጋ ደወልኩ። «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ መኖሩንም አለመኖሩንም መናገር አንችልም» አሉኝ። በመኪናዬ ወስጄ በራቸው ላይ ያወረድኳት እኔ ነኝ እኮ! ሻንጣዋን የተሸከምኩት እኔ! ስልኩን ዘግቼ ወንበሩን በእርግጫ ብለው የተጎዳው የእኔው አውራ ጣት ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ዳኛ ፊት ቀርባ ኖሯል። «አክስቴ ጋ ነው የምኖረው» ብትልም የሚያረጋግጥ ወረቀት የለም፣ የሚረከባትም ሰው አልተገኘም ተብሎ ወደ ወጣቶች ማቆያው ተመለሰች። ያልተገኘው ሰው እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት ከችሎቱ በር ሃያ እርምጃ ርቄ፣ ያ መስኮት ፊት ቆሜ፣ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። ይህን ሳስበው እስካሁን እርር ድብን እላለሁ።

ዘጠኝ ቀን አስቀመጧት። በዘጠነኛው ቀን የተመደበችላት ጠበቃ፣ ኦኮንስኪ የምትባል ወጣት ሴት፣ ፊልብሪክን በመጥሪያ ጎትታ ችሎት አመጣችው፤ እኔም አብሬ ገባሁ። አሁንስ አለቀ፣ ቤቷ ይዣት እገባለሁ ብዬ ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ! ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ መነጽሩን አስተካከለና፣ ማርሊስ ማሳደጊያ ቤት ሳለች ለሥነ ልቦና አማካሪዋ በምስጢር የነገረቻትን ማንበብ ጀመረ። አዎ፣ ከአማካሪዋ ማስታወሻ፣ ቃል በቃል። ምን ምን እንዳነበበ አልጽፍልህም። አንዱን ብቻ፣ እሷው ስለፈቀደችልኝ፦ «አንዳንዴ ይህን ቤት ባቃጥለው ደስ ይለኛል» ብላ ነበር። ተናዶ እንዲህ ያላለ ማን አለ? አንተ ራስህ የአባታችንን ትራክተር ወንዝ እከተዋለሁ ያልከው ስንት ጊዜ ነው? ሰውየው ግን «ለሕዝብ አደገኛ ናት» አለበት።

እንዴት እጁ እንደ ገባ ልንገርህ። ዐቃቤ ሕጉ «ስለ ልጅቷ ያላችሁን ላኩልኝ» ብሎ በኢሜይል ሲጠይቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለ አንድ ሰው ፋይሉን እንዳለ ላከለት። አድራሻዋን ላለመናገር ዘጠኝ ቀን ከንፈሩን የሰፋ ቢሮ፣ የሆዷን ሁሉ በአንድ ከሰዓት አሳልፎ ሰጠ። የሚነገረውን ቆለፉበት፣ የሚሸፈነውን ገመና አደባባይ አሰጡት።

ማርሊስ አላለቀሰችም። የሹራቧን እጅጌ ጎትታ ጣቶቿን ሸፈነችና አንገቷን ደፋች። ያኔ ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ምስጢር ካልሆነ የኔ ቤት ቁጥር እንዴት ምስጢር ሆነ?» ብዬ ጮህኩ። ሥርዓት አስከባሪው ሊያስወጣኝ መጣ። ዳኛዋ ጸጉራቸው የነጣ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። «ይቀመጡ፤ ሁለተኛ ከተነሡ በሩን ያዩታል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ፊልብሪክ ዞር ብለው፣ ይህች ልጅ የት እንደምትኖር ታውቅ ነበር ወይ አሉት። አዎ አለ። ለምን አልነገርከንም ቢሉት፣ «ምስጢር ነው፣ ክብርት ዳኛ።» ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ «ይህኛውስ?» አሉት። ዐቃቤ ሕጉንም አዩት፤ እሱ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ማስታወሻው ከመዝገቡ እንዲወጣ፣ ልጅቷ ከእኔ ጋር እንድትሄድ አዘዙ፤ ሕጋዊ አሳዳጊነቱንም በዚያው ቀን በስሜ አደረጉት።

ቤት ከገባች በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከ«እሺ» እና ከ«አልራበኝም» በቀር ቃል አልወጣትም። ሌላ አማካሪ እንፈልግልሽ ስላት፣ «ለምን? ለአንድ ሰው ስናገር ለሕንፃው በሙሉ ነው የምናገረው» አለችኝ።

የሳህኑ ክስ ግን እንዳለ ነበር። ያለ ክርክር የሚዘጋው ለወጣቶች የተዘጋጀ የክትትል ፕሮግራም ውስጥ ከገባች ነው ተባለ። ለዚያ ደግሞ ፊልብሪክ አራት ገጽ የፈቃድ ቅጽ ይዞ ቤታችን መጣ። የጤናዋ፣ የትምህርቷ፣ የአማካሪዋ፣ የእናቷ፣ ሁሉም መዝገብ ለሁሉም ቢሮ፣ ለአንድ ዓመት። ሆሊስ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና፣ «የሚስቴ የውስጥ ልብስ መሳቢያ ቀርቷል፤ እሱንም ጨምሩበት እንጂ» አለው። ፊልብሪክ እስከ ጆሮው ቀላ። «እኔም አልወደውም፤ ግን ካልተፈረመ ፕሮግራሙ አይቀበላትም» አለ።

ወንድሜ፣ አልዋሽህም፤ ልፈርም ነበር። ደክሞኝ ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ መስመሩ ላይ ደርሻለሁ። ማርሊስ ከበሩ ጋ ቆማ ስታየን ኖሮ፣ «አክስቴ፣ ምስጢሩ የማን ነው?» አለችኝ። ልክ በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው የተሰማኝ። እስክሪብቶውን ሰጠኋት።

ተቀመጠች። አራቱንም ገጽ ቀስ ብላ አነበበች፣ የማታውቀውን ቃል ፊልብሪክን እየጠየቀች። ከዚያ መሰረዝ ጀመረች። «ቅጽ ላይ አይሰረዝም» አላት። «ማን አለ?» አለችው። ቅጹን አገላበጠና፣ «ማንም አላለም። ማንም ሰርዞ ስለማያውቅ ነው» አለ። እሷም ኅዳጉ ላይ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ የት እንደምኖር፣ የት እንደምማር፣ የምወስደውን መድኃኒትና የቀጠሮዬን ቀን ሁለታችሁም እወቁ፤ አንዳችሁ ለሌላው ንገሩ። ከአማካሪዬ ጋር የማወራውን ለማንም አትስጡ። ፋይሌን የጠየቀ ሰው ካለ መጀመሪያ ለእኔ ይነገረኝ። ፈረመች፤ እኔም ከሥሯ ፈረምኩ።

ኖቬምበር 12 ዳኛዋ ፊት ቀረብን። ዐቃቤ ሕጉ ቅጹ ጎደሎ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ኅዳጉን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ማርሊስን «ይህን ማን ጻፈልሽ?» አሏት። «ራሴ» አለች። «ታዲያ ለእኛ ይህ ይበቃናል» ብለው ፊርማቸውን አኖሩበት። ፕሮግራሙ ተቀበላት። እስከ ፀደይ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ከጸናች ክሱ ይዘጋል።

ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ እንዳላታልልህ። ትናንት ከአራተኛ ፎቅ ደብዳቤ ደረሰን። አድራሻው በትክክል የእኛ ነው፤ ስሟን ግን «ማርሊን» ብለውታል። ነገ ደግሞ ያንን ለማስተካከል ልወጣ ነው። አዲሷ አማካሪ ዘንድ ሐሙስ ዕለት ወስጃት ነበር። ግማሽ ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሩን ስታይ ቆየችና፣ በቀረው ሃያ ደቂቃ ገባች። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኳትም። ለመጠየቅ አፌን እንዴት እንደ በላኝ አንተ ታውቀኛለህ፤ ምላሴን ነክሼ ነዳሁ።

ይህን ደብዳቤም ሳላስነብባት አልላክሁትም። ስለ እሷ የሚያወራ ወረቀት እሷ ሳታውቅ ከዚህ ቤት አይወጣም ብያለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት መስመር በጥቁር ቀለም ተደፍኖ ታገኛለህ። እሷ ናት የደፈነችው። ወደ ብርሃን አንሥተህ ለማንበብ እንዳትሞክር፤ አውቅሃለሁ።

ናዲንን በእኔ ስም እቀፋት። ቴስን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጥርሷ ከወለቀ ፎቶ ላኩልን። ለአባባ ሩበን አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ማርና ዝንጅብሉን አይተዉ በላቸው። ሆሊስ ጉልበቱን እያሸ ሰላም ይልሃል። ጆሊንም ባለፈው እሑድ ደውላ፣ ድምጿ ጠርቶ፣ ወንድሜን ሰላም በዪልኝ ብላለች። ማርሊስም ሰላም ብላሃለች፤ ይህን መንገር እንደምችል ጠይቄያት «ይቻላል» ብላኛለች።

እህትህ ቨርና

ቤከር ፎርድ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2025