ከአፍ የፈጠነ እጅ፦ የወይዘሮ ቢልቂስ ዘይኑ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቢልቂስ ዘይኑ ከአባታቸው ከአቶ ዘይኑ አደም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱዓድ ዑመር በ1960 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ደቻቱ ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ይሉ እንደነበረው ከመራመዳቸው በፊት ነው የተናገሩት፤ ቤቱ ሁሉ ወሬኛ ስለነበረ ግን ይህ ማንንም አልገረመም። ቁርአን በሰፈራቸው ቀሩ፣ ሶማልኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ለመዱ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1978 ዓ.ም. አጠናቀው ታይፕ በመማር በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ጥቂት ዓመታት ከአባታቸው ልብስ ስፌት ቤት ሠሩ። በ1988 ዓ.ም. የልብስ ንግድ ይዘው ድንበር ተሻግረው ሐርጌሳ ገቡ።

ሐርጌሳ ያን ጊዜ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየተነሣች ነበር። ሰው ጣሪያ በሌለው ግድግዳ ውስጥ ላስቲክ ወጥሮ ያድራል፤ ቀን ቀን ቆርቆሮ ተሸክሞ ይውላል። ቢልቂስ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ። ንግዱ ግን አልሆነላቸውም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃቸው እሳቸው ከየትኛው ስደተኛ ጣቢያ እንደተመለሰ፣ ቤቱን ሠርቶ ጨርሶ እንደሆነ ይጠይቁታል፤ ሰውየውም ታሪኩን ሁሉ ነግሯቸው ምንም ሳይገዛ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ልብሱን ትተው፣ በማባዣ መኪና እየታተመ በሚወጣ ትንሽ ጋዜጣ በታይፒስትነት ተቀጠሩ።

ልባቸው ግን ያለው ዘገባው ላይ ነበር። የጋዜጣው አዘጋጅ አቶ የሱፍ፣ በአንድ በርካ፣ ማለትም በዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ የተጣሉ ሁለት ወገኖች ሽማግሌዎች ከዐረፋ በኋላ ሐርጌሳ ላይ ለእርቅ እንደሚቀመጡ ሰምተው ነበር። ሽማግሌዎቹ ቴፕ አይፈቅዱም፤ ብዕር ግን ይፈቅዳሉ። አቶ የሱፍም፣ “እስከ ዐረፋ ብዕርሽ የሚናገር ሰው አፍ ላይ መድረስ ከቻለ ጉባኤው ያንቺ ነው፤ ካልቻለ ታይፕሽ ላይ ትቆያለሽ” አሏቸው። ያን ቀን የረመዳን መጀመሪያ ነበር።

አላህ ሲሰጥ መምህራቸው እዚያው የተከራዩበት ግቢ ውስጥ ነበሩ። አከራያቸው ወይዘሮ ኻዲጃ ከጦርነቱ በፊት የሚኒስትር ጸሐፊ የነበሩ፣ በስደት ዘመናቸው አዲስ አበባ ኖረው አማርኛ የለመዱ ሴት ናቸው። ሾርትሃንድ የሚባለውን አጭር ጽሕፈት በእንግሊዝኛ ያውቁታል፤ ድምፅን በመስመርና በነጥብ የሚይዝ ስለሆነ ለሶማልኛም ይሆናል ብለው ጀመሩ። ለጉሮሮ ድምፆች ምልክት ሲጠፋ ተማሪዋ ትንሽ ቆልማማ ጭረት ፈጠሩላቸው። ወይዘሮ ኻዲጃ ለማሞገስ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም። “ወፍራሙንና ቀጭኑን መስመር ካልለየሽ ነገ የጻፍሽውን ራስሽም አታነቢውም” ይሉ ነበር። ቢልቂስ በጾም አፋቸው የጁምዓ ኹጥባ፣ የኢማሙን ስብከት፣ ጻፉ፣ የሬዲዮ ዜና ጻፉ፣ ጎረቤት ሲጣላ በአጥር ሥር ቆመው ጻፉ።

የሚቀራቸው በጣም ፈጣን አፍ ነበር፤ እሱም መጣ። የወይዘሮ ኻዲጃ የእህት ልጅ አቶ ፉዓድ ጅግጅጋ ያደጉ የከብት ደላላ ናቸው። በከብት ገበያ ዋጋ የሚቆረጠው በጨርቅ ሥር በጣት ምልክት ስለሆነ አፋቸው ቀኑን ሙሉ አርፎ ይውላል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ አክስታቸው ግቢ ሲደርሱ ግን የሚያቆመው የለም። ስለ ገበያው ያወራሉ፣ ቢልቂስ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ፉዓድ ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ “የበርበራ መርከብ ዘግይቷል፣ ፍየል ወርዷል፣ ቢልቂስን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ነው፣ ግመል ግን አልተነካም” አሉ። ቢልቂስ ቀና እንኳ ሳይሉ ጻፉት። “አንብቢ” ተባሉና ፍየሉን አንብበው ቀጥሎ ያለውን ሲያዩ ማንበባቸውን አቆሙ። ወይዘሮ ኻዲጃም፣ “ለምን ቆምሽ? ግመሉ ይቀራል እኮ” አሉ።

ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይህን እያነሣ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ግን ጉድለታቸውም እዚያው ነበር፤ እጃቸው ሲፈጥን ጆሯቸው አይሰማም።

ዐረፋ አለፈ፣ ጉባኤው ጣሪያው በከፊል በፈረሰ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ቢልቂስም እርሳሳቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ሐጂ ኦብሲዬ የተባሉ ሽማግሌ ተቆጥተው የሌላውን ወገን ሙታን የሚነካ ቃል ተናገሩ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ የቢልቂስ እርሳስ ብቻ አልቆመም። ማታውኑ ታይፕ አድርገው ሰጡ፣ አቶ የሱፍም በጥድፊያ አተሙት። በሽማግሌዎቹ ደንብ ግን በቁጣ የተነገረ ቃል ከጉባኤው ሳይወጣ ያድራል፤ ተናጋሪው በማግስቱ ካነሣው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ቴፕ የሚከለከለውም ለዚህ ነበር። ድሬዳዋ ያደጉት ቢልቂስ ይህን አያውቁም፣ ያስረዳቸውም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ኦብሲዬ ቃላቸውን አነሡ፣ ሌሎቹም ተቀበሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ገና ሳይለቃቀቁ ጋዜጣው ደረሰ። የተሰደቡት ወገኖች፣ የታተመ ቃል አይነሣም ብለው ብድግ አሉ። በርካው ዘንድ የሁለቱም ወገን ልጆች መሣሪያ ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ስድቡ እርቁን ቀድሞ ከደረሰ ደም መፍሰሱ ነው።

ያን ጊዜ ቢልቂስ ተነሥተው ቆሙ። “ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አባቶቼ፣ እስከ ዐስር ሶላት ታገሡኝ፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ” አሉ። ከዚያም ጠዋት የጻፉትን የሐጂ ኦብሲዬን የይቅርታ ቃል፣ አንዲት ሳትቀር፣ በፊታቸው አነበቡት። ሽማግሌው የገዛ ቃላቸውን ሲሰሙ አለቀሱ፤ የተነሡትም ተቀመጡ። አቶ የሱፍ የይቅርታውን ቃል በልዩ እትም አባዙት፣ አቶ ፉዓድ ደግሞ በከብት ጫኝ መኪና ይዘውት በረሩ። ከስድቡ ቀድመው በርካው ደረሱ። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ጉባኤው ሲዘጋ ሐጂ ኦብሲዬ፣ “ልጄ፣ እጅሽ ጎበዝ ነው፤ አሁን ጆሮሽን አስተምሪው” አሏቸው።

አስተማሩትም። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ሲሠሩ በቁጣ የተነገረን ቃል ሳያድር አላሳተሙም፤ ሌላ ጋዜጣ እየቀደማቸው አዘጋጆቹ ሲበሳጩባቸውም ይስቁ ነበር እንጂ አይለወጡም። ከአቶ ፉዓድ ጋር በዚያው በ1989 ዓ.ም. ኒካሕ አስረው ናይማንና ሪያድን ወልደዋል። ቤታቸው ሾርትሃንድ ለመማር በሚመጡ ልጆች ይሞላ ነበር፤ ሲያስተምሩ ይቆጡ፣ ሲጨርሱ ሩዝ ያበሉ ነበር። በጣም እንወዳቸው ነበር።

ወይዘሮ ቢልቂስ በስኳር ሕመም ለዓመታት ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። በዚያው ዕለት ሐርጌሳ ተቀበሩ። ባለቤታቸውን አቶ ፉዓድን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተውልናል።

በቀብራቸው ላይ ኢማሙ እንደ ወጉ፣ በእሳቸው ላይ ሐቅ፣ ማለትም ዕዳ ወይም ቅሬታ፣ ያለው ሰው ካለ ይቅር እንዲል ሲጠይቁ የሐጂ ኦብሲዬ ልጅ አቶ ሀይቤ ከሰው መሐል ወጡ። “እኔ ሐቅ የለኝም፤ ሐቅ ያላት እሷ ናት፣ ያለብኝም እኔ ነኝ” አሉ። “ጋዜጣው የወጣ ቀን ‘መጤ ናት፣ አገር ልታፈርስ መጣች’ ብያታለሁ። አባቴ ቃሉን በማግስቱ አነሣ። እኔ ግን አፍሬ ይህን ሁሉ ዓመት አሳደርኩት። ዛሬ አነሣዋለሁ። እህታችን ናት።” ሰው ሁሉ ወደ አቶ ፉዓድ ዞረ። ያ ሁሉ ወሬ የማያልቅባቸው ሰው፣ “ተቀብላለች” ብቻ አሉ፤ ከዚያም ሁለቱ ተያይዘው አፈሩን መለሱ።

አላህ ቀብራቸውን ሰፊና ብርሃን ያድርግላቸው፣ በቃላቸው ያስታረቋቸውን ሰዎች ዱዓ ይቀበልላቸው፣ በጀነተል ፊርደውስ ያሳርፋቸው። ኣሚን።