ከሁለቱ አንዱ ይበቃል ለሚለው ማስታወቂያዎ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሙላቴ፣ የላቦራቶሪ ረዳቶች ማሠልጠኛ ኃላፊ፤
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በዚሁ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስም የማስተምረው ነገር ይጠቅማል ብዬ አምን ነበር።

አንደኛ፣ ሁሉም አማርኛ በሚናገርበት ከተማ የምዝገባ ማስታወቂያዎን በእንግሊዝኛ ብቻ ስለለጠፉልን አመሰግናለሁ። ተመዝጋቢ «አይዘር» የቀበሌ መታወቂያ «ኦር» የትምህርት ቤት መታወቂያ ያቅርብ ይላል፤ ያውም ያለ አንዲት ስሕተት። ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ክፍል ይዤው ገባሁ፤ እንዲህ ሲጻፍ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል ማለት ነው ብዬም አስተማርኩበት። እርስዎ ሁለቱንም እንደሚፈልጉ የሚናገር መጽሐፍ በእጄ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ተማሪዬ እቴነሽ ይህን እውነት ብላ ከገሳይ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። የቀበሌ መታወቂያዋ ሊቀመንበሩ ከስብሰባ ተመልሰው እስኪፈርሙበት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ይወዳሉ። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ብቻ ይዛ ብትቀርብ፣ መዝጋቢዎ ሁለቱም ካልተሟሉ አይሆንም ብለው መለሷት፤ የራሳችሁን ማስታወቂያ ብታሳያቸውም «እሱ ለፎርማሊቲ ነው» አሏት።

ሦስተኛው እስካሁን ያስቀኛል፤ ስቄ ስጨርስ ደግሞ ያንገበግበኛል። አብረዋት የተሰለፉት፣ ማስታወቂያውን ማንበብ ያቃታቸው ልጆች፣ ቢሮ ሲኬድ የቤቱ ወረቀት ሁሉ ይያዛል በሚለው በአገራችን ልማድ ሁለቱንም መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ አንዱማ የአባቱን የመሬት ግብር ደረሰኝ ሳይቀር በፌስታል ጠቅጥቀው መጥተው ነበር። ሁሉም ተመዘገቡ። ያነበበችው ብቻ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆና ተመለሰች። «የተማረ ይግደለኝ» ያሉት ሰዎች የተማረውን ማን እንደሚገድለው ሳይነግሩን ስለቀሩ፣ ክፍተቱን ስለሞሉልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ትናንት ክፍል ገብቼ ጥያቄ ብጠይቅ፣ ተማሪዎቼ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መጽሐፉ እንደሚለው ነው ወይስ ቢሮው እንደሚለው ብለው ጠየቁኝ። አፈርኩ፤ ያፈርኩትም በእርስዎ ነው።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ይህ ካለፋት እቴነሽ ዓመት ሙሉ ቤት መቀመጧ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ ወይ ልጅቷን ይመዝግቡልን፣ ወይ ማስታወቂያውን ይንቀሉት። ለሁለቱም እንዳይደክሙ፤ እኔ አንዱ ይበቃኛል፤ ምርጫውን ለእኔ ከተዉልኝም ልጅቷን ይመዝግቡ።

ለፊርማዎና ለማኅተምዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
መምህርት ነጅሚያ ኸድር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ አጥሮኝ አይደለም። በእንግሊዝኛ ብጽፍልዎ ሳያነቡት ፈርመው በርዎ ላይ ይለጥፉታል ብዬ ሰግቼ ነው።