ቀድሜ ያሰመርኩባቸው ብሎኖች

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 9

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወደቡ ላይ በነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ስድስተኛ ማማ እየገጣጠምን ነው። ክሬኑ ቁራጮቹን አንዱን ባንዱ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔና ባልደረባዬ የርን ውስጥ ገብተን መጋጠሚያውን በብሎን እናስራለን። ዙሪያውን መቶ ሃያ ብሎን። እሱ በማሽኑ ያጠብቃል፣ እኔ በጠበቀው ላይ በማርከር ነጭ መስመር አሰምራለሁ። መስመር ያለበትን ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ እወደዋለሁ። የዓሣ ፋብሪካው ተዘግቶ ቤት ስቀመጥ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ማን ይወስደኛል ብዬ ነበር... ወሰዱኝ። ተመስገን።

ቀለሙ በብርድ ይረጋል። ማርከሩን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ አሞቀዋለሁ። የርን "ቶቬ፣ እንቁላል ታቀፍሽ እንዴ?" ይለኛል።

ከዚያ የዓርብ ዳቦ፤ በየሳምንቱ አንዳችን ለሁሉም እንገዛለን። ተራው የፎርማናችን የፕሬበን ነበር። ትኩስ ዳቦ እየሸተተ ማን ማማ ውስጥ ይቆያል? ሥራውን እንዳለ ትተን ወረድን።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 11

ድንች እየላጥኩ ሳለሁ ድንገት ትዝ አለኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ዓርብ ማርከሩ ሲሞቅልኝ፣ መልሶ ሳይረጋ ብዬ የርን ገና ያልደረሰባቸው ብሎኖች ላይም አሰመርኩ። ስንት? አምስት? አሥር? ከዚያ ለዳቦው ተጠራን። ስንመለስ የርን መስመሩ ካበቃበት ቀጠለ... እኔም ዝም ብዬ ተከተልኩት።

ማማዎቹን ወደ ባሕር የሚወስደው መርከብ ነገ ጠዋት ይጭናል። ባሕሩ ጸጥ የሚለው ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ማዕበል ነው ተብሏል። ብናገር መርከቡ ይቀራል። ምናልባት እኔም ከሥራዬ። ባልናገርስ? ያ ማማ ባሕር መሀል ስንት ዓመት ይወዛወዛል፤ ውስጡ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል።

ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12

ነገርኩት። ፕሬበን ጓንቱን እያጠለቀ ነበር።

"ስንት ብሎን?"

"አላውቅም። ስድስተኛው ማማ፣ መካከለኛው መጋጠሚያ።"

ወደ መርከቡ ዞሮ አየ። "ቅዳሜ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ቅዳሜ እኔም አላወቅሁም።"

ሬዲዮውን አንስቶ ጭነቱን አስቆመ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ወጥተው ፈተሹ። ዘጠኝ የላሉ ብሎኖች፣ ጎን ለጎን። ዘጠኝ... የስድስቱም ማማ መጋጠሚያ ይፈተሽ ተባለ። ሁለቱ ቀን በዚሁ ሊያልቅ ነው።

የርን ተቆጣ። "መጀመሪያ ለኔ አትነግሪኝም? ሁለታችንንም አዋረድሽን።"

"ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?"

ማሽኑን አንስቶ ሄደ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 14

ማዕበል። መርከቡ እንደታሰረ ነው። በሌሎቹ ማማዎች ምንም አልተገኘም። ካንቲን ስገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ፕሬበን አስጠራኝ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ሄድኩ።

"ቁጭ በይ። አለቆቹ ተናደዋል። እኔም ተናድጃለሁ። ግን ቶቬን ካባረርን ከእንግዲህ የሚነግረን አይኖርም አልኳቸው። ገባቸው።"

እንባዬ መጣ።

"ደግሞ አታልቅሺ፣ የአዲሱን ደንብ ወረቀት ታረጥቢዋለሽ።"

ከዛሬ ጀምሮ ያጠበቀው ራሱ ያሰምራል ተባለ። እንዲህ ያለ አለቃ ስንቱ ያገኛል?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 16

የዳቦው ተራ የኔ ነበር። ከወትሮው እጥፍ ገዛሁ። የርን ሁለት አንስቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ዘጠኝ ነበር መብላት ያለብኝ" አለኝ። ታረቅን ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

ስድስቱም መርከቡ ላይ እንደቆሙ ሄዱ። ዓይኔ እስኪያቅተው አየኋቸው።

ሰኞ፣ ማርች 4

አምስት አዲስ ሠራተኞች መጡ። ፕሬበን "ያንቺን ነገር ንገሪያቸው" አለኝ። አፈርኩ፣ ግን ነገርኳቸው። ደረቴ ውስጥ ስለሸጎጥኩት ማርከር ሳወራ ሳቁ። ዘጠኙ ብሎኖች ላይ ስደርስ ጠጋ ጠጋ አሉ።

ሐሙስ፣ ማርች 7

ከአዲሶቹ አንዷ፣ ድሮ ዳቦ ቤት ትሠራ የነበረችው ሊሰሎቴ፣ ከምሳ በኋላ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቶቬ፣ ጠዋት አንድ ብሎን ዘልዬ ይሆን? እርግጠኛ አይደለሁም።"

አብረን ወደ ፕሬበን ሄድን። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና የብሎን መፈተሻውን አቀበለን። ወጥተን አንድ በአንድ ፈተሽን። ሁሉም ጠብቋል።

"በከንቱ አደከምኩሽ" አለችኝ።

"ምን አደከምሽኝ... ደስ እያለኝ ነው የወጣሁት" አልኳት። እውነቴን ነው።