ሜፕሏ ውጭ ናት

ልጄ ሂዊ፣

የሆባርት ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ክሬጊበርንም ሰሞኑን ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ያድራል።

ስለተውሽልኝ የሸክላ ድንክ ዛፎች፣ ስለ ቦንሳዮችሽ ልንገርሽ። አንደኛ፣ ጥዷ ደህና ናት። ሁለተኛ፣ ሜፕሏ ቅጠሏን ሙልጭ አድርጋ አራገፈች። ደንግጬ ሳሎን አስገባኋትና ሂተሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። እናትሽ «ጋቢም ደርብላት እንጂ» ብላ ሳቀችብኝ። ዌርሃውስ አብሮኝ የሚሠራው ሱሌይማን ግን ፎቶዋን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሊገድሏት ነው እንዴ? ይቺ ዛፍ ብርድ ካላገኘች አትተኛም። ካልተኛች ደግሞ በመስከረም፣ ብርዱ ሲወጣ፣ አታቆጠቁጥም» አለኝ።

የዚያኑ ቀን አወጣኋት። አሁን አጥሩ ሥር፣ ነፋስ የማያገኛት ቦታ ናት፤ ሥሯን እንዳይበርዳት ሸክላዋን በገለባ ከበብኩላት። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት አያታለሁ። ትናንት ቅርንጫፏን በጥፍሬ ትንሽ ፋቅ ባደርገው ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ደስ አለኝ።

ሦስተኛ፣ ስትሄጂ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር። ስደውል የማታነሺው ሺፍት ላይ ሆነሽ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ የምጠይቅሽ ስለ መከርከሙ ነው። ሱሌይማን ቡቃያው ብቅ ሲል ትከርከም ይላል፤ እኔ ደግሞ እጄን አላምነውም። መቀስሽን አልነካሁትም፣ እዚያው ክፍልሽ ጠረጴዛው ላይ ነው።

የእንቁጣጣሽን ሳምንት ከሱሌይማን ጋር ሺፍት ተቀያይሬያለሁ። ኤርፖርት ለመምጣት የትኛውም ሰዓት ይመቸኛል።

እናትሽ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች። ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ።

አባትሽ ዳምጤ