ከሥር የታሰረው ክር

ለባለቤቴ ለመኮንን፣ ካለህበት ይድረስህ። አፈር ካለበስንህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

እኛ ደህና ነን። እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር፣ እዚያው ፎቅ ላይ ነን። ልጅህ ሊዲያ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ቁጣዋ ግን ያንተው ነው። ወፍራሙን ጃኬትህን እኔ ነኝ የምለብሰው። አውቶቡስ ስጠብቅ ያሞቀኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጭቃህ ነው። ከባሌ ተራራ ሐይቅ ሥር በቱቦ ያወጣኸውን ጭቃ ሊጥሉት ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብሮህ ይሠራ የነበረው መምህር ደውሎ፣ ጭቃው ተደበላልቋል፣ አይጠቅምም አለኝ። የጭቃው ታችኛው ንብርብር የጥንቱ፣ የላይኛው የቅርቡ ነው ትለኝ አልነበር፤ በእሱ ንባብ መጀመሪያ ሣር በቅሏል፣ በረዶው የመጣው በኋላ ነው። አንተ ደግሞ ሐይቁን ያገደውን የድንጋይ ክምር የገፋው የበረዶ ግግር ነው፣ ሣሩ የተከተለው በረዶው ሲቀልጥ ነው ስትል ኖርክ። የአሥር ዓመት ድካምህ ቅርጫት ሊገባ ነው ስባል ደሜ ፈላ።

ተነስቼ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ቱቦው ጫፍ ላይ ቀይ ክር ሳይ ሳቄ መጣ። ትዝ ይልሃል? በተጋባን ዓመት፣ ሐይቁ ዳር ድንኳን ውስጥ፣ እጄ በብርድ ደንዝዞ ከሹራቤ መዝዤ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የላይኛውን ጫፍ ምልክት ሲያደርግ፣ አንተ ታሪክ የሚጀምረው ከሥር ነው ብለህ የታችኛውን እንዳስር አደረግከኝ። ለማንም ደግሞ አልነገርክም! እነሱም ክር ያለበትን ላይ አድርገው ዘቅዝቀው አነበቡት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ይህን ነግሬው መምህሩ ቱቦውን ሲገለብጠው ከሥር ግራጫው የበረዶ ዘመን ደለል፣ ከላይ ጥቁሩ የሣር ጭቃ፣ ልክ አንተ እንዳልከው ሆነ። አለቀስኩ፤ የደስታ ነው፣ አትዘንብኝ።

ስለ ሐይቁ ያጠናኸው ጽሑፍ ስምህን ይዞ ይወጣል። እኔም በሳምንት ሁለት ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እሠራለሁ። የመስክ ደብተሮችህን የሚያነብ ሰው ጠፍቶ ነው፤ ያንን የእጅ ጽሑፍህን እንኳን ፈረንጅ ያገርህ ሰውም አይፈታውም። ስለ ድንጋዩና ስለ ጭቃው ጽፈህ ስታበቃ፣ በየገጹ ጥግ ያን ቀን ምን እንዳሳቅኩህ ጽፈሃል። ይህን አላውቅም ነበር።

አልረሳህም፣ መኮንን። አሥራ አንድ ደብተር አለ። በቀን ከሁለት ገጽ በላይ አላነብም፤ እንዳያልቅብኝ።